ቁራኛዬና መንኮራኩሯ

ማክሰኞ

ሰንሰለቱ አጭር ነው። አንዱ ጫፍ በእኔ ቀኝ እጅ፣ ሌላው በአያ ዘለቀ ግራ እጅ ላይ ተቀጥቅጦ ተዘግቷል። ስጽፍ የሱም እጅ አብሮኝ በወረቀቱ ላይ ይሄዳል።

«አንተ ደብተራ፣ ቀስ በል! እኔንም አስጻፍኸኝ እኮ!»

ፊደል አያውቅም። ወታደር ነው፣ የገሳይ አገር ሰው። እንዳላመልጥ ቁራኛ ተደርጎ ታስሮብኛል።

ይህን ያመጣችብኝ የጀልባዋ መንኮራኩር ናት። ከጀልባ ኋላ ትታሰራለች። እጀታዋን ሲያዞሩት ሣጥኗ ውስጥ ያሉት ሁለት ባለጥርስ ብረቶች ተያይዘው ይዞራሉ፣ በውጭ ያሉት መቅዘፊያዎችም ውሃውን ይገፋሉ። ቅኔ ጨርሼ፣ ጋፋት ከፈረንጆቹ ዘንድ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ የገጣጠምኋት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ቆራጣ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሐይቁ ዳር ቆሞ እያየ፣ ጥቂት ሄዳ ቀጥ አለች። በእንጨት እየገፉ መለሱን።

የሥራው አለቃ «ሆን ብለህ ነው» አሉኝ። ፈረንጁ መምህሬ ታሞ ተኝቷል፤ የሚያስጥለኝ የለም። «ቤትህ ወስደህ ሥራት። ቅዳሜ ካልዞረች አምባ ትወጣለህ።»

አምባ የወጣ እስረኛ መቼ እንደሚወርድ የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ

ከምኖርበት ከአክስቴ ቤት ነን። መንኮራኩሯን ፈታኋት። በሰሌን ላይ ደረደርኋት፦ ዘንግ፣ እጀታ፣ ትልቁ ባለጥርስ፣ ትንሹ ባለጥርስ፣ ስድስት የብረት ሽብልቅ። ሽብልቁ ሲቆጠር ግን አምስት ብቻ ሆነ። ግማሽ ቀን ፈለግን። አያ ዘለቀ ተቀምጦበት ኖሯል!

የተሰበረ ነገር የለም። ግን ስገጥማት አትዞርም። ከትልቁ ላይ አንዱ ጥርስ ወፈረብኝና ሞረድሁት። ሞረዱ በሄደ ቁጥር የአያ ዘለቀ ክንድ አብሮ ይሄዳል።

«ብረቱን ተወው፣ ክንዴን ጨረስኸው!»

ገጠምሁ። አሁንም እምቢ።

የቅኔ ጓደኞቼ በደጅ ያልፋሉ፣ አይገቡም። ብረት የነካ ደብተራ ቀጥቃጭ ነው ብለው ይሆናል።

ሐሙስ

ዛሬ ደግሞ ፈትቼ ገጠምሁ። ሦስት ጊዜ። እኔ አምባ ከወጣሁ አያ ዘለቀም ሌላ ቁራኛ እስኪተካ አብሮኝ ይወጣል። ይህን ዛሬ ነው የነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ከጥርሶቹ መካከል ቡናማውን ነገር በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሸተቱ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቆራጣ ሳትወርድ እንዲላላ የቀባሁት የኑግ ዘይት ነው፣ እትዬ።»

«ፈረንጁ ኑግ ነው የሚቀባ?»

«ሞራ ነው። ጾም ስለሆነ ሞራ መንካት ከበደኝ።»

«የኑግ ዘይት ድስት ላይ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ይህን ሳታውቅ ነው ሁለት ዓመት የተማርኸው?»

አያ ዘለቀ ሰንሰለቱ እስኪንቀጨቀጭ ሣቀ። እኔ ያሰብሁት በከንቱ የሞረድሁትን ጥርስ ነው። ብረት አንዴ ከተሞረደ አይመለስም።

ዓርብ

ነገ ሰንበት ነው፣ ብረት አይመታም። ማለቅ ያለበት ዛሬ ነው።

አክስቴ እንዶድና የአመድ ውሃ አፈሉልኝ። ሙጫው ሁሉ ለቀቀ! ብረቱ ነጣ። ቅባት ብቻ ቀረ። ቅቤ ለመንኋቸው።

«በሁዳዴ ቅቤ ላውጣ? እጄ አይነካም!»

አያ ዘለቀ ጣልቃ ገባ፦ «እመቤቴ፣ ብረቱ ክርስትና አልተነሣ። ማን ጹም አለው?»

እየተቆጡ ሣቁ። ለራሳቸው ጠጉር ያስቀመጡትን በቅል አመጡ፣ ፊታቸውን አዙረው ሰጡኝ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው አያ ዘለቀ ምራቁን ዋጠ።

ቀባሁ፣ ገጠምሁ፣ ሽብልቁን መታሁ። ዞረች። ዞረች! ብቻ የተሞረደው ጥርስ በመጣ ቁጥር «ቀጭ» ትላለች።

ቅዳሜ

አለቃው መጡ። እጀታውን ራሳቸው ያዙት። ዞረች። ቀጭ። ዞረች። ቀጭ።

«ይህ ድምፅ ምንድን ነው?»

አያ ዘለቀ ቀደመኝ፦ «ጌታዬ፣ ዙሯን እየቆጠረች ነው።»

አለቃው ሣቁ። «ፍቱት። ሰኞ ይዟት ወደ ቆራጣ ይውረድ፣ ጀልባው ላይም እሱ ይቀመጥ።»

ፍቱት አሉ፣ ማን ይፍታን? ሰንሰለቱ የሚከፈተው በመዶሻ ነው፣ ቀጥቃጩ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አይመታም። ምሕረት ተደርጎልን እንደታሰርን ዋልን።

የተሞረደው ጥርስ ሳይሰበር ስንት ዙር እንደሚችል አላውቅም። ለአለቃው አልነገርሁም። ለአያ ዘለቀ ነገርሁት።

«ዋና ትችላለህ?» አለኝ።

«አልችልም።»

«እኔም። እንግዲህ ሰኞ ከመሳፈራችን በፊት መፈታታችንን አይተን ነው።»

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ ትሳፈራለህ?»

«እጀታውን ማን ሊያዞርልህ ነው?»

ከዚያ ስሜን ጻፍልኝ አለ። ብዕሩን በእጁ አስይዤ፣ እጄን በእጁ ላይ አድርጌ፣ አብረን ጻፍነው። ትንሽ ጠሟል። ይኸው፦ ዘለቀ።