ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ

ጥቅምት 21
የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ፣ እንደወትሮው። ዛሬም ሰባት ሰው ያንኑ መስመር ጠየቀኝ፤ እማዬና እህቴ ወዳሉበት ከተማ የሚሄደውን። በቃሌ ነው የምመልሰው... አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። አለቃችን «የአየር ላዩን ሰዓት ብቻ ተናገሩ፣ ሰው አታስበርግጉ» ይላል።

ጥቅምት 28
እማዬ ደወለች። ሳሉ አልለቀቃትም።
«ሩቅ ነው እንዴ ልጄ?»
ምን ሩቅ አለ! አውሮፓ እንደሁ የእጅ መዳፍ ናት። «ሁለት ሰዓት ከአሥር ናት እማዬ።»
«እንግዲያስ ድስቱን ጥጄ ሳይፈላ ከተፍ ትያለሻ!» ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ።
ሦስት ዓመት አልሄድኩም... ቅርብ ነው እያልኩ።

ኅዳር 4
እህቴ ደወለች። ሐኪሙ የእማዬ ልብ ደክሟል ብሏል። ልምጣ? አልኳት።
«ሥራ አትፍቺ። ከባሰባት እጠራሻለሁ። ሁለት ሰዓት ናት አይደል?»
አዎ አልኩ። እፎይም አልኩ።

ኅዳር 11
ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ እህቴ። «ነይ።» ወጣሁ አልኳት።

ኅዳር 15
ዛሬ ነው እጄ ብዕር የያዘልኝ።
የዚያን ቀን ባቡሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። ፍተሻና ሰልፍ፣ ሁለት ሰዓት። ጉም ነበር... አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጠን ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። በረራው? ሁለት ሰዓት ከአሥር። ያልኩት ልክ ነበር! ከዚያ አውቶቡስ፣ እንደገና ሌላ አውቶቡስ። የእህቴን በር ሳንኳኳ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። ፊቷን ሳይ ገባኝ።
«መነሳትሽን ስነግራት የእጅ ሰዓቷን አስፈትታኝ ትራሷ አጠገብ አደረገቻት። ሁለቱ ሰዓት ሲሞላ፣ ደረሰች? አለችኝ። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር... ደረሰች? ስምንት ሰዓት ላይ አረፈች።»
አልጮኸችብኝም። «ዘጠኝ ሰዓት እንደሚፈጅ ባውቅ በዋዜማው እጠራሽ ነበር» ብቻ አለች። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።
ለመንገደኛ የምለውን ለናቴ... እኔ ትኬት ቆራጯ! ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ታኅሣሥ 2
ሥራ ገባሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ለዚያችው መስመር። ወንድማቸው ታሞባቸዋል።
«ሁለት ሰዓት ነው አሉ። ሲብስበት ብነሳስ አልደርስም?»
አለቃዬ ከኋላዬ ቆሟል።
«አባቴ፣ ከደጅዎ እስከ ደጃቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከሄዱ ዛሬ ይሂዱ።»
አለቃዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። ዞሬም አላየሁት።
«ቤቴ እንኳ ሳልደርስ? ልብስ እንኳ ሳልይዝ?»
«ሳይይዙ።»
ትንሽ አዩኝ፤ ከዚያ መታወቂያቸውን አወጡ። ትኬቱን ቆረጥኩላቸው። አለቃዬ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጠርቶ ተቆጣኝ። ይቆጣ።
የእማዬ ሰዓት አሁን እኔ እጅ ላይ ናት። ቀኑን ሙሉ እሷን ሳይ ዋልኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የሽማግሌው ዘጠኝ ሰዓት ሞላ።
ደረሱ እማዬ፣ አልኳት።