የጓድ ጌታሁን ምርጫ

ማክሰኞ

«እኔ የመረጥኳቸውን አራት ክፍሎች ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ እናሳያለን» አለ ጓድ ጌታሁን፣ የፊልም ክፍላችን ኃላፊ፣ በጠዋቱ ስብሰባ። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀለት።

ጌታሁን አንዱንም አላየም። ከአንድ ኤምባሲ በስጦታ የመጣልንን የጃፓን የካርቱን ፊልም ክፍል በክፍል አይቼ ነጥብ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አማርኛውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት አራቱም የአንድ አዘጋጅ ሥራዎች መሆናቸውን የደረስኩበትም እኔ ነኝ፤ መጨረሻ ላይ የሚያልፉትን ስሞች ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም። በሌሎቹ አዘጋጆች ክፍሎች ሰው ሲያዝን እንባው ይረጫል። በእሱ ክፍሎች ፊቱን ያዞራል።

በስብሰባው ምንም አልተናገርኩም። ዝምታዬ ስምምነት አለመሆኑ ግን እዚህ ይጻፍ።

ረቡዕ

«ሰኪና፣ ምነው ዛሬ ለጌታሁን ፈገግታ አበዛሽለት?» አለችኝ አልማዝ፣ ጠረጴዛ የምትጋራኝ።

«ጥርሴን ይቁጠረው ብዬ ነው።»

ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም።

ከአራቱ የሚልቀው ሦስተኛው ነው። የታጠቁ ሰዎች ጎህ ሲቀድ መጥተው አንድ ወጣት ከቤቱ ይወስዳሉ። እናቱ ማታ ማታ ራቱን ከድና ታስቀምጣለች፤ ጠዋት ለወፎች ትበትነዋለች። ሌላ ምንም የለም። ነጥቡን የሰጠሁት ለሥራው ጥራት ነው፤ ለሕዝብ ይታይ አላልኩም። በዚህ ሰፈር፣ በዚህ ዘመን፣ ካድሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህ ሲታይ «ማን መረጠው?» መባሉ አይቀርም።

መልሱን ጌታሁን አስቀድሞ ሰጥቷል።

ሐሙስ

አልማዝ እየሰማች ጠየቅሁት፤ ምስክር ያስፈልገኝ ነበር።

«ጓድ ጌታሁን፣ ክፍሎቹን አንድ ጊዜ ቢያዩዋቸው አይሻልም?»

«የልጆች ጨዋታ የማይበት ጊዜ የለኝም፣ እቴ። አንቺ አማርኛውን አንብቢ፤ ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

ተውኩለት። ይህ ማስጠንቀቂያ ሊባል እንደማይችል አውቃለሁ። ሦስተኛው ክፍል ምን እንዳለበት ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ምሳዬንም ከወትሮው የተሻለ በላሁ።

ዓርብ

ከሥራ ስመለስ የየካ ሚካኤልን ዳገት እየወጣሁ የጌታሁንን ቅጣት በልቤ መጠንኩ። ከኃላፊነቱ ይነሣ። ይዋረድ። አይታሰር። ቤቴ ስደርስ ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ቅጣቱን አይመጥንም።

ፊልሙን ቢያቃጥሉትስ? ከሰውየው ይልቅ ለፊልሙ መጨነቄን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ቅዳሜ

መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋርደዋል። አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ከመጋረጃው ጎን ቆሜ አማርኛውን በድምፅ ማጉያ አነባለሁ። ሁለቱ ክፍሎች በሳቅ አለፉ።

በሦስተኛው የማነበው አልነበረኝም፤ እናትየዋ አትናገርም። ራቱን ስትከድን ከኋላ አንዲት ሴት «ልጄን» አለች፣ ቀስ ብላ።

ካድሬው መብራት አስበራ። «ይህን ማነው የመረጠው?»

ጌታሁን ከመቀመጫው ተነሣ። «እሷ ናት፣ ጓድ። ጓዲት ሰኪና አህመድ። ነጥቡን የሰጠችው እሷ፣ የተረጎመችው እሷ። እኔ አንዱንም አላየሁም።»

«ማክሰኞ እኔ መረጥኩ ስትል አልሰማሁህም?»

አንድ ሽማግሌ «መቼም ሁለቱ አፎችህ አይተዋወቁም» አሉት፤ ሰው ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። «ሰኞ ሁለታችሁም ቢሮዬ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አራተኛውን ክፍል ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። ያው ሰው መሆኑን ነገርኩት። መብራቱን አስጠፋና ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው አየው።

ይህ ለበጎ ይሁን ለክፉ አላውቅም። እናቴ ብታሰር እንዳይበርደኝ ከወዲሁ ሹራብና ካልሲ እያዘጋጀችልኝ ነው፤ አልከለከልኳትም። ፈርቻለሁ። ነገር ግን ጌታሁን ሙሉ ስሜን፣ ከነሥራዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በገዛ አፉ ጠራው። ሰኞ የሚመጣው ይምጣ፤ ይህን መልሶ አይውጠውም።