የጠዋት መልእክታችንን ይቀበሉ ስለነበሩት ስለ ኢንጂነር ዓምደ ሚካኤል ሳህሌ ዕረፍት

በፍራንክፈርት አም ማይን የሚገኘው አብሮነት የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ዕድር፣ መሥራች አባሉና የጠዋት መልእክት ተቀባዩ ኢንጂነር ዓምደ ሚካኤል ሳህሌ ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. በሪደርቫልድ መኖሪያ ቤታቸው በ74 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱና ለወዳጆቻቸው ሲያስታውቅ ሐዘኑ ከባድ ነው። በዚህ ሐዘን ላይ ጸጸትም አለብን። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ኢንጂነር ዓምደ ሚካኤል በደሴ ከተማ ተወልደው ባሕር ሳያዩ አደጉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ለአራት ዓመት ትምህርት ወደ ጀርመን መጥተው፣ በአገር ቤት በተፈጠረው ሁኔታ ሳይመለሱ ቀሩ። በዳርምሽታት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አጠናቀቁ።

እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በከተማችን አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የባሕርና የአየር ጠባይ ጥናት ተቋም ለሠላሳ ሁለት ዓመታት አገልግለዋል። ሥራቸው ጀርመኖች ቦየ የሚሉትን፣ በባሕር ላይ መልሕቅ ጥሎ የሚንሳፈፍ ቢጫ የመለኪያ ጣቢያ ማዘጋጀትና መከታተል ነበር። ቦየው የማዕበሉን ከፍታ፣ የነፋሱን ፍጥነትና የውሃውን ሙቀት እየለካ በየሰዓቱ በሳተላይት ወደ የብስ ይልካል። መርከበኞች ወደብ ለቀው ለመውጣትም ሆነ ለመቆየት የሚወስኑት በዚህ መረጃ ነው። ኢንጂነር ዓምደ ሚካኤል መሣሪያዎቹን ለመትከል በየዓመቱ ወደ ሰሜን ባሕር ሲወጡ መርከብ ላይ መታመማቸው አንድም ጊዜ አልቀረላቸውም። አንድም ጊዜ ግን አልቀሩም።

እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ ቦየ መልሕቁ ተበጥሶ ሲሄድ ቁጥሮቹ ደህና ስለሚመስሉ ማንም አላስተዋለም ነበር። የውሃው ሙቀት ቀስ በቀስ መለወጡን አይተው የነቁት እርሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ለሥራ ባልደረቦቻቸው ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ጻፉ። አንደኛው ተራ ቁጥር፣ ዝም ያለ ቦየ በዚያው ሰዓት ይጠየቅ እንጂ ለነገ አይተው ይላል። ሁለተኛው፣ መልእክት የሚቀበለው የየብስ ጣቢያም በየሰዓቱ ደህንነቱን ለሌላ ጣቢያ ያስታውቅ ይላል። ይህን ገጽ እኛ ያየነው ባለፈው ሳምንት፣ ልጃቸው ወረቀቶቻቸውን ሲያስተካክሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ጡረታ ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን አባሎቻችን የጠዋት መልእክትን ጀመሩ። እያንዳንዱ አባል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት በስልክ «ደህና ነኝ» ብሎ ይጽፍላቸዋል። የሐኪም ቀጠሮን በጀርመንኛው እየጠሩ «ደህና ነኝ፤ ለጉልበቴ ቴርሚን አለኝ» የሚሉም ነበሩ። እርሳቸው ለጻፈ ሰው መልስ አይሰጡም። የሚደውሉት ለዘገየ ሰው ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላም «ዛሬ ዝም አሉሳ፣ ምን ነካዎት?» የሚለው ወቀሳቸው ይደርሳል። በዝርዝሩ የኦርቶዶክስም የወንጌላውያንም ምእመናን፣ በጠቅላላ ሠላሳ አንድ ሰዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2021 በኦይሮፓፊርቴል ሰፈር በቤታቸው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ወድቀው መነሣት ያቃታቸው አቶ ኢዮስያስ በሕይወት የተገኙት በዚሁ አሠራር ነው። አቶ ኢዮስያስ ይህን መግለጫ ካረቀቁት አንዱ ናቸው።

የሚከተለው አንቀጽ ሳይሸፋፈን እንዲጻፍ የጠየቁን ልጃቸው ወይዘሮ ቤተልሔም ዓምደ ሚካኤል ናቸው። ኢንጂነር ዓምደ ሚካኤል ያረፉት ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሠላሳ አንዳችንም ደህና መሆናችንን ጻፍንላቸው። ዝምታቸውን የለመድነው ስለሆነ ምንም አልመሰለንም። በዝርዝሩ ላይ የእርሳቸው ስም አልነበረም። በስምንት ዓመት ውስጥም እርሳቸውን ማን ይጠይቃል ብለን አንድ ቀን አልተነጋገርንም። ሐሙስ ጠዋት ከሠላሳ አንዳችን አንዷ የሆኑት ወይዘሮ አረጋሽ ለሐኪም ቴርሚን ሲጣደፉ መልእክቱን ረሱት። ባቡር ጣቢያ ደርሰው ሲያስታውሱ ወቀሳውን ጠበቁ። ስልኩ አልጮኸም። ቴርሚኑን ትተው ወደ ሪደርቫልድ ሄዱ፤ በሩም በእሳት አደጋ ሠራተኞች ተከፈተ።

ሕመሙ የልብ እንደነበረና ድንገተኛ እንደሆነ፣ በዚያው ሰዓት ቢደረስም ማትረፍ እንደማይቻል ሐኪሙ ነግረውናል። ይህ አላጽናናንም። ስለ ሁላችን ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ሁለት ቀን ጠያቂ አጥተው መቆየታቸው የዕድራችን ጥፋት ነው። ቤተሰባቸውን ይቅርታ እንጠይቃለን።

የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ዓርብ ኅዳር 12፣ በስማቸው ጠባቂ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ይፈጸማል። ወንጌላውያን ወገኖቻችን በጉትሎይትፊርቴል ሰፈር የሚገለገሉበትን የኪራይ አዳራሽ ለሐዘን መቀመጫ ስለሰጡን እናመሰግናለን።

ለልጃቸው፣ ለቀድሞ ባልደረቦቻቸውና በየጠዋቱ ስልካቸውን ይዘው ለማን እንደሚጽፉ ግራ ለገባቸው አባሎቻችን ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥልን። የኢንጂነር ዓምደ ሚካኤልን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን።

የዕድሩ ሥራ አመራር የ1998ቱን ገጽ ሁለተኛ ተራ ቁጥር ተቀብሎ ደንብ አድርጎታል። መልእክት የመቀበሉን ሥራ ወይዘሮ አረጋሽ ተረክበዋል። ተቀባይዋን በየቀኑ ለመጠየቅ ኃላፊነቱን የወሰዱት በብሬመን የሚኖሩት ወይዘሮ ቤተልሔም ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲመደብ ብንለምናቸውም እምቢ ብለዋል። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቀሩት የሠላሳ ሰዎች መልእክት ተሟልቶ ገባላቸው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የወይዘሮ አረጋሽ ስልክ ጮኸ። እያለቀሱ «እኔም ደህና ነኝ፣ ልጄ» አሉ።

አብሮነት የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ዕድር
ፍራንክፈርት አም ማይን፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.