ከኩል ድንጋይ የወጣ መድኃኒት

ኅዳር 3፣ ጠዋት
መርፌዎቹን ቀቅዬ ጨረስኩ። ወረታ ዛሬም ጭቃ። ከቁሐር ሚካኤል በቃሬዛ የመጣው ገበሬ፣ ደሴ፣ አልጋ ይዟል። አምና ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ነበር። ሰውነቱ እንጨት፣ ሆዱ የተነፋ፤ ጣፊያው እምብርቱን አልፏል። ካላዛር ነው፤ የቆላዋ አሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታስይዘው። ጎንደር ሆስፒታል መርምረውት፣ መድኃኒቱን አስይዘው እኛ የጤና ጣቢያው ነርሶች እንድንወጋው ልከውታል። አባቱ ቄስ አድማሱ ከራስጌው አይነሱም።

ኅዳር 5
ማስታወሻዬ፣ ይህን መድኃኒት ባሰብኩት ቁጥር እገረማለሁ። አንቲሞኒ የሚባል የብረት ዘር ነው፤ እንዳለ ቢሰጥ መርዝ። ከስኳር ከሚወጣ አሲድ ጋር አጣምረው ሰው የሚችለው አደረጉት! መርዝን ገርቶ በሽታው ላይ መልቀቅ። እንዴት ያለ ጭንቅላት አሰበው? ከሰዓት የፖለቲካ ውይይት ነበረ። ልቤ እዚያ አልነበረም።

ኅዳር 8፣ 9 ሰዓት
ክፉ ቀን። ደሴ ያስመልሰዋል፤ የልብ ምቱ ይዛባል። መድኃኒቱ ልብ እንደሚነካ አውቃለሁ። የጤና መኮንኑ የዛሬው መርፌ ይለፍ አለ። ቄስ አድማሱ ቃሬዛ አስመጡ፤ ጣራ ገዳም፣ ጠበል ሊወስዱት። እንዳይወስዱት ለመንኳቸው። ምን እንደምወጋው ጠየቁኝ። በጥንቱ ኩል ውስጥ ያለው ነው አልኳቸው።
«እናንተ ሴቶች የምትኳሉት?»
«አዎ አባ። እሱው ነው፣ ሌላ መልክ ይዞ።»
ቄሱ «ድንጋዩንም የፈጠረ፣ ጥበቡንም የሰጠ እሱ ነው» ብለው ቃሬዛውን መለሱ። ጠበሉን ግን እዚሁ አስመጡለት። ምን ቸገረኝ።

ኅዳር 10
ልቡ ረጋ። መርፌውን ቀጠልን። በየመርፌው የልብ ምቱን እቆጥራለሁ።

ኅዳር 24
ትኩሳቱ ጠፋ! ደሴ ሽሮ ጠየቀ፤ ቀርቦለትም ጨው አነሰው ብሎ ተቆጣ። ሳቅኩ፤ እንባዬም መጣ። ጣፊያው ወደ ጎድኑ እየሸሸ ነው። በጣቴ ዳሰስኩት። ያ ዱቄት ድንጋይ ይህን ሠራ።

ታኅሣሥ 9፣ ከሰዓት
ደሴ ትናንት በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ዛሬ ቄስ አድማሱ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። ደንግጬ ነበር። ልጁ ደህና ነው። ከሱ ጋር ሁመራ የወረዱ ሁለት ወንድማማቾች ግን በዚሁ ሕመም ቁሐር ተኝተዋል፤ ቤተሰቡ መርፌው ይገድላል ብሎ አላስነካ ብሏል።
«እኔ ስለ ልጄ እመሰክራለሁ፤ አንቺ ልጄ፣ ስለ መድኃኒቱ ንገሪያቸው።»
መኮንኑን አስፈቀድኩ። ሜዳው ገና አረንቋ ነው አሉ። ቦቲ ጫማ ተውሻለሁ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ከቄሱ ጋር እሄዳለሁ።