ከጎማው ጫፍ የሚታየው ቤት

ደብረ ማርቆስ
ሰኔ 26 ቀን 2012 ዓ.ም.

ውድ እማማ ወለተ ሰንበት፤

ይህን የምታነብልዎ ልጅ ሄለን ትባላለች፤ ነርስ ናት። ራቅ ብላ ብትቆም፣ አፍና አፍንጫዋን ብትሸፍን፣ ጉልበትዎን ሳትስም ብትቀር አይቀየሟት። የላክኋት እኔ ነኝ፤ የመዝናኛው ቲኬት ቆራጭ፣ ያለምዘውድ። ግቢ ብለው አይለምኗት። ወረቀቱንም ከእጇ አይቀበሉ፤ እኔ የነካሁት ነው። ካሉበት ሳይነሱ ይስሙኝ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ አለዚያ እየፈራሁ ዙሪያውን ስዞር እቀራለሁ። ጌቾ ታሟል። ሰው አስቀምጦ ወደ ሰማይ የሚያወጣውን ትልቁን ጎማ የሚያዞረው ጌቾ፣ እርስዎ «ሰረገላ ነጂው» የሚሉት። በሽታው ያው በሽታው ነው፤ ተመርምሮ ታወቀ። እኔንም ከእሱ ጋር ንክኪ አለሽ ብለው ለይቶ ማቆያ አስገቡኝ። የእኔ ውጤት ገና አልመጣም።

ነገ መድኃኔዓለም ነው። ጽዋው የእርስዎ ተራ ነው። ስልክዎ አይሠራም። የምጽፈው ለዚህ ነው።

*

ያለሁት የተማሪዎች መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው ብዙ፣ ሰው እኔ ብቻ። ግድግዳው ላይ አንዱ ተማሪ ስሙን በእስክሪብቶ ጽፎ ሄዷል። ከመስኮቱ፣ በዛፎቹ አናት በኩል የጎማው ጫፍ ይታየኛል፤ ቢጫው መቀመጫ። ቆሟል። አንዳንዴ የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል። ነፋስ ይሆናል።

ጉሮሮዬን አዳምጣለሁ። ሳልኩ? ወይስ ጠረግኩት? ቀኑ እንዲህ ይመሻል።

በመጋቢት የመዝናኛው ባለቤት፣ አቶ ደመላሽ፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈና «ለአሥራ አምስት ቀን ነው፤ አትጨነቁ» አለን። እኛ ለፋሲካ ማይክሮፎኑን አስጠግነን፣ መቀመጫዎቹን ቀለም ቀብተን ነበር። የልጆቹን ፈረሶች በሸራ ሸፈንናቸው። ፋሲካ መጣና ሄደ። ዳግማይ ትንሣኤም። ፈንዲሻ ሻጯ ዘሪቱ ማስክ መስፋት ጀመረች፤ በፈንዲሻው ከረጢት እየከተተች መነኸሪያው በር ላይ ትሸጣለች። «ይኼም ይፈነዳል» ትላለች፤ ትስቅና ወዲያው ታኮርፋለች። እኔ ቲኬት ቤቱ ውስጥ ገብቼ እቀመጥ ነበር። ማንም ነይ አላለኝም። ሥራ የሌለው ሰው ቤት ሲውል ወንበሩም ጭምር የሚያየው ይመስለዋል።

ልጆቹ በቆርቆሮ አጥሩ ሽንቁር ዓይናቸውን ያስጠጋሉ።

«ያለም! መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ሲከፈት።»

«ፈረሶቹ ሞቱ እንዴ?»

«ተኝተዋል።»

«ታዲያ ለምን ፊታቸውን ሸፈናችሁት?»

ሄጄ የአንዱን ፈረስ ፊት ገለጥኩት። በማግስቱ ዝናብ መጣና መልሼ ሸፈንኩት።

*

የመጀመሪያ ቀን ሲመጡ የልጅ ልጅ ይዘው የመጡ መስሎኝ «ልጁስ የታለ?» ብዬዎት ነበር። «የምን ልጅ? የምወጣው እኔ ነኝ» አሉ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ጉልበትዎ ከታመመ ወዲህ ከተማ ልጅዎ ቤት እንደተቀመጡ፣ የመንደርዎን መድኃኔዓለም መሳለም እንደናፈቀዎ፣ ከጎማው ጫፍ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ይታያል ብለው እንደነገሩዎ፣ ያን ቀን ነው የሰማነው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ነጠላዎን እንዳጣፉ ወደ እኛ ነበር። ጌቾ ጫፍ ላይ ሲያደርስዎ ያቆማል፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው እስኪጨርሱ። ከታች የሚያጉረመርም ጎረምሳ ካለ «ዝም በል፣ ጸሎት ላይ ነን» ይለዋል። ሲወርዱ «የኤልያስ ሰረገላ ነው፤ የእናንተው ግን ይመልሳል» ይሉናል። ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የሚሉት። ሁልጊዜ እንስቃለን።

ግቢው ሲዘጋ ከሁሉ በፊት ያሰብኩት እርስዎን ነው። ልጆቹ ሌላ ጨዋታ ያገኛሉ።

*

ባለፈው እሑድ፣ በማርያም ዕለት፣ ጌቾ እንደ ልማዱ ጎማውን ዝገት እንዳይበላው ባዶውን ሊያዞረው መጥቶ ነበር። ምርኩዝዎ ቆርቆሮውን ሲመታ ሁለታችንም ደነገጥን።

«ክፈቱ! ሲዞር አይቼዋለሁ።»

«እማማ፣ ተከልክሏል እኮ» አለ ጌቾ በሽንቁሩ።

«የተከለከለው መሰብሰብ ነው። እኔ ማንን ሰበሰብኩ?»

ነፋስ የመንደር ቤትዎን ክዳን ወሰደው ብለው ነግረውዎታል። ጽዋው ደርሷል። ክዳን የሌለው ቤት ውስጥ ማኅበር አልጠራም፤ አንድ ጊዜ ልየውና ልቤ ይረፍ አሉ። ጌቾ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን። ሳለ። «ብርድ ነው» አለ። ሰኔ ነው፤ ማን የማይስል አለ?

አቅፎ ነው መቀመጫው ላይ ያስቀመጠዎ። ራስዎ ትከሻው ላይ ነበር። ይህን አሁን መቶ ጊዜ አየዋለሁ።

«አንቺም ነይ፤ የሩቁን አንቺ ታዪልኛለሽ» አሉኝ። ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ወጣን። ጫፍ ላይ ስንደርስ ጎማው ነቅነቅ አለና ቆመ። ጌቾ እንደ ልማዱ ለጸሎት ያቆመልን መስሎኝ ነበር። ከታች ጮኸ፤ «መብራት ሄደ! አትንቀሳቀሱ!»

እርስዎ አልደነገጡም። «ረዘም ያለ ጸሎት ፈልጎብኝ ነው» አሉ። ከዚያ ማስክዎን ወደ አገጭዎ አወረዱት።

«እማማ፣ አያውልቁት።»

«በታሰረ አፍ መድኃኔዓለምን አልሳለምም።»

እኔም የራሴን አወረድኩ። ብቻዎን እንዳይሆኑ ይሁን ወይም አየሩ ጥሩ ሆኖ፣ እስከ አሁን አላውቀውም።

ጸሎቱን ሲጨርሱ ክንዴን ያዙኝ።

«ደኑን አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ከደኑ በስተቀኝ ባሕር ዛፉ ተደርድሯል። መጨረሻው ላይ ቆርቆሮ ቤት አለ?»

«አለ፤ ያብረቀርቃል።»

«እሱ የአካለ ወልድ ነው፤ ይብረቅረቅ፣ ተይው። ከሱ ወረድ ብሎ፣ ወደ ወንዙ?»

«ሣር ቤት አለ።»

«ክዳኑስ?»

ደመናው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። እጅዎ ክንዴን ሲጨብጠኝ ይሰማኛል።

«አለ፣ እማማ። ሙሉ ነው።»

ቀስ ብለው እልል አሉ፤ ለራስዎ ብቻ። ከዚያ ሁሉንም አሳዩኝ። መሻገሪያውን፣ አጥሩን፣ በየትኛው በኩል እንደሚገባ፣ ውሻው ከየት እንደሚመጣ። እኔ እያየሁ እነግርዎታለሁ፤ እርስዎ ሳያዩ ያርሙኛል። በሕይወቴ ሰው እንዲህ አድርጎ ቤቱን አሳይቶኝ አያውቅም።

ጌቾ በትከሻው እየገፋ፣ እየሳለ፣ ጎማውን በጉልበቱ አወረደው። በጀርባው አዝሎ በሩ ድረስ አደረሰዎ። ግንባሩን ሳሙት። በማግስቱ በባጃጅ ወደ መንደር ገቡ ሲሉ ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። ያን ዕለት ማታ ጌቾ ታሞ ተኛ።

*

ሄለን እዚህ ስትመጣ ወንበሯን በሩ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ከጌቾ ሌላ ከማን ጋር ንክኪ ነበረሽ?»

 በሽተኛ የሚያነሣው ነጭ መኪና መንደርዎ ሲገባ ታየኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሲያደርጉ። «ከከተማ በሽታ ይዛ መጣች» ሲሉ። ጥንስሱ ተጠንስሶ፣ ድፎው ተደፍቶ፣ ደጅዎ ባዶ ሲሆን። ከተማ ሳሉ «ሰው ሸሽቶኝ ከምኖር ይዞኝ ቢሄድ ይሻላል» ያሉኝንም አልረሳሁትም።

ልጂቱ ጠበቀች። አልቸኮለችብኝም። እሱ ባሰብኝ።

ከዚያ ጽዋው ታየኝ። አንድ ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከከንፈር ወደ ከንፈር። ከባለ ተራዋ ተነሥቶ እስከ በሩ።

«እማማ ወለተ ሰንበት» አልኩ።

«ዘመድሽ ናቸው?»

«ደንበኛችን ናቸው።»

«የምን ደንበኛ?»

«የጎማው።»

ከማስኩ በላይ ዓይኗ ሳቀ። ዕድሜዎን ስነግራት ሳቁ ጠፋ።

«ገጠር ከገቡ ቤታቸውን ማን ያሳየናል?»

«እኔ» አልኩ።

በእግሬ ረግጬው የማላውቀውን መንገድ ነገርኳት። ደኑን ያዢ። በስተቀኝ ባሕር ዛፍ። የሚያብረቀርቀውን ተይው። ወረድ ብሎ፣ ወደ ወንዙ፣ ክዳኑ ሙሉ የሆነው። ውሻው ከማጀት በኩል ይመጣል። ምንም አልሳትኩም። በደስታ ያሳዩኝን ቤት እኔ በፍርሃት ለሰው አሳየሁት። ይቅር የሚሉኝ እንደሆነ አላውቅም። ባይሉኝም መንገዱን አልሳትኩላት።

ምናልባት ምንም የለብዎትም። ምናልባት እኔም ደህና ነኝ፤ በከንቱ አስደንግጬዎ ይሆናል። ያ ቢሆን ማኅበርተኛው ሁሉ ይሳቅብኝ። ጽዋው ግን ነገ ይቆይልኝ። መድኃኔዓለም በየወሩ ይመጣል።

አይደበቁ፣ እማማ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። መኪናው ከአጥሩ ውጭ፣ ራቅ ብሎ እንዲቆም ለምኛታለሁ፤ እሺ ብላኛለች።

ግቢው መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። አቶ ደመላሽ ጎማውን ሊሸጠው ነው የሚሉም አሉ። ጌቾ ምን ላይ እንዳለ እየጠየቅሁ ነው፤ «እየታከመ ነው» ብቻ ይሉኛል። ጎማው በቦታው ከቆየ ግን ከልጆቹ ሁሉ በፊት የመጀመሪያው ዙር የእርስዎ ነው፤ ቢጫው ላይ። ጌቾ ጫፍ ላይ ያቆምልዎታል። እሱ ባይኖር እኔ አቆማለሁ፤ መብራት ባይኖርም በትከሻዬ አወርድዎታለሁ።

አሁን ሄለን አንብባ ጨርሳለች። ጓንቷን አጥልቃ ወደ እርስዎ ትቀርባለች። በእጇ የመመርመሪያ ቀጭን እንጨት አለ፤ ጫፉ ጥጥ ነው፤ አያምም። ቀና ይበሉላት። የዚያን ዕለት እላይ ሆነን እንዳደረጉት ማስክዎን ያውርዱና አፍዎን ይክፈቱላት።

መስኮቱ ሥር ሆና የምትጠብቅዎ ልጅዎ፣
ያለምዘውድ