የሙሉቀን መዳፎች

መስከረም 12

ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣ አለ። ገበያው ቀዝቅዟል... ሁለት ነጠላ፣ አንድ ጋቢ፣ በቃ። ጋቢውን የወሰዱት ሴትዮ ሦስት ጊዜ ዘርግተው ሦስት ጊዜ አጠፉት። "የማን እጅ ነው?" አሉኝ። "የባለቤቴ" አልኳቸው። ዳር ዳሩን በጣታቸው እያሻሹ "እጁ ይባረክ" ብለው ሄዱ። ቤት ገብቼ ስነግረው ጆሮውን አከከ። ሙሉቀን ሲመሰገን ሁሌም ጆሮውን ነው የሚያከው።

ትናንት ፎቶውን ተነሣ። በየስድስት ወሩ እንደ በርሜል ያለ ማሽን ውስጥ ገብቶ የሚነሣውን። ግራ ኩላሊቱ ከወጣ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ድሮ ውጤቱ እስኪመጣ እህል አይወርድልኝም ነበር። አሁን ለምደነዋል። ልጃችን ልዩ እንኳን "አባዬ፣ ፎቶህ አማረ?" እያለች ትቀልድበታለች።

ትንሽ ያስለዋል። የጥጥ ብናኝ ነው ይላል።

መስከረም 19

ተመልሷል።

ዶክተር ኢታና ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዙሮ አሳየን። ሳንባው ላይ ነጠብጣብ ነገር... አምስት ቦታ። "አዲስ በሽታ አይደለም። ያው የኩላሊቱ ካንሰር ነው፤ ቦታ ቀይሮ ነው።" ሙሉቀን "ኩላሊቱ ወጥቶ የለም እንዴ?" አለው። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ እንዲህ ሲጠየቅ ፊቱ ላይ ያስታውቅበታል። "ያኔ በዓይን የማይታይ ነገር ቀርቶ ይሆናል" አለ። ቀዶ ጥገና አይሆንም። የሚዋጥ መድኃኒት አለ። አያጠፋውም፣ ይይዘዋል። "እስከ መቼ?" "እሱን አብረን እናያለን።"

እኔ ምን አልኩ? "የሚዋጠው ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" አልኩ። ሌላ ምንም አልመጣልኝም።

ሽሮ ሜዳ ከታክሲ ስንወርድ ሙሉቀን "ቲማቲም አልቋል አላልሽም?" አለኝ። ገዛን። እየመረጥኩ ነው የገዛሁት፣ ጠንካራ ጠንካራውን። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ ቲማቲም ይመርጣል?

የመጀመሪያው ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ወድቄ ነርሶች ናቸው ያነሡኝ። ዛሬ እንባም የለ፣ ምንም የለ። ብዙ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር... አለ፣ ግን የኔ አይመስልም።

መስከረም 25

ጀመረ። አራት ሳምንት በየቀኑ አንድ ፍሬ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት እረፍት። ከዚያ እንደገና።

ታላቅ እህቱ እትዬ ደሳለች ጠበል ይዘው መጡ። "በኪኒን ብቻ አይሆንም፤ ይሄንንም ይጠጣ" አሉ። ሙሉቀን ኪኒኑን ምላሱ ላይ አድርጎ በጠበሉ አወራረደው። "ይኸው፣ ሁለቱንም ባንዴ" አላቸው። ሳቁ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ሲወጡ እኔን ትክ ብለው አዩኝ። "አንቺስ ጎበዝ ነሽ" አሉኝ። ጎበዝ...

ለልዩም ነገርናት። "ፀጉሩ ይረግፋል?" አለች። አይረግፍም፣ ሊነጣ ግን ይችላል አልኳት። "እሺ" ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። ከበሩ ተመልሳ አባቷን ሳመችው።

ጥቅምት 9

አፉ ቆስሏል። በርበሬ አያስጠጋም። ለሦስታችንም አልጫ ነው የምሠራው። ደሙ ከፍ ብሏል ተብሎ የግፊት መድኃኒት ተጨመረለት። ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይተኛል።

ጥቅምት 19

መዳፉ ቀላ። መጀመሪያ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ውኃ ቋጠረ፣ ተላጠ። ተረከዙም እንደዚያው። ዶክተሩ ነግሮን ነበር፤ "እጅና እግር ላይ ሊወጣ ይችላል" ብሎ። ከሌላው ጋር ደባልቄ ሰምቼው አለፍኩ። እጅና እግር! ሸማኔ ሌላ ምን አለው? በእጁ ይወረውራል፣ በእግሩ ይረግጣል።

ዛሬ ከሽመናው ጉድጓድ ገብቶ ተቀመጠ። መወርወሪያውን ሁለት ጊዜ አሳለፈ። ሦስተኛው ላይ ሁለት እጁን ጭኑ መሃል ከቶ አጎነበሰ። በሩ ጋ ቆሜ አየሁት። እሱ አላየኝም። ገብቼ ልይዘው ይገባኝ ነበር መሰለኝ...

ተመልሼ ሽንኩርቴን ከተፍኩ።

ጥቅምት 28

ቅንድቡ ነጣ። የቀኙ ብቻ።

ኅዳር 6

የቁስቋም ማርያም ንግሥ። አብረን ወጣን። ፈርቼ ነበር፤ ግን የእረፍቱ ሁለት ሳምንት ዛሬ ነው የሚያልቀው፣ እግሩ ድኗል ማለት ይቻላል። ቀስ እያለ፣ እየቆመ፣ ደረሰ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ መዋጥ ነው።

ስንወርድ "ምን ብለህ ለመንክ?" አልኩት።

"እጄን እንዳትነሣኝ።"

"ስለ ሳንባህስ?"

"እሱን አንቺ ለምኚ።"

አልለመንኩም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ከፊቴ የቆመችውን ሴት የነጠላ ጥለት ሳይ ነበር። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተሳስቷል።

ኅዳር 14

ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደው። "ሕፃን አይደለሁም። ራሴ እወስዳለሁ።" እሺ አልኩ። አንድ ሥራ ቀነሰልኝ፣ ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ኡሙሀኒ፣ ከሱቄ ቀጥላ ያለችው፣ "የሺዬ፣ ምን ሆነሻል? ደንበኛ ሲያናግርሽ አትሰሚም" አለችኝ። "ደህና ነኝ" አልኳት። "ደህና ሰው እንዲህ አይደለም" ብላ አጠገቤ ቁጭ አለች። ብዙ አላወራችም። ጥሩ ሰው ናት።

ታኅሣሥ 1

መዳፉ አልቆሰለም። በዚህኛው ዙር ምንም የለም! ጠዋት ገብቶ እስከ ምሳ ይሠራል። እትዬ ደሳለች "ጠበሉ ነው" አሉ። ልዩ ለጓደኞቿ ሳይቀር ተናገረች። የሽመናውን ድምፅ ሱቅ ከመሄዴ በፊት ሰማሁት... ቷ፣ ቷ፣ ቷ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ታኅሣሥ 8

አንዲት ደንበኛ ቀይ ጥለት ክር ፈልጋ፣ ልፈልግላት ቤት መጣሁ። ሙሉቀን ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቷል። ክር የተጠነጠነበት ቀሰም የሚያስቀምጥበትን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ከሥሩ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አለ።

ኪኒኖቹ ናቸው። ሃያ አንድ።

ያለቀውን ጠርሙስ ባለፈው ሳምንት አሳይቶኛል። "ጨረስኩ" ብሎኛል። ሃያ ስምንት መዋጥ ነበረበት። ሰባት ውጦ ነው የተወው። እኔ ጠርሙሱን የሰጠሁት ጊዜ አካባቢ...

ለካ ጠበሉም አይደለም፣ ተአምርም አይደለም። እጁን የመረጠው ራሱ ነው።

ቋጠሮውን እንደነበረ መለስኩት። ክሩን ይዤ ሄድኩ። ለሴትዮዋም ሸጥኩላት።

ታኅሣሥ 9

አልነገርኩትም። ዛሬም ሲሠራ ዋለ። እያፏጨ።

ታኅሣሥ 13

ቀጠሮ። ዶክተር ኢታና አዲሱን ፎቶ ከድሮው ጎን አደረገው። "ትንሽ አድጓል" አለ። "መድኃኒቱ አልያዘውም ማለት ነው። ይህን ትተን ወደ ሌላ ልንሄድ ነው። ብዙ ምርጫ ግን የለንም... በዚህኛው ብንቆይ ደስ ይለኝ ነበር።" ከዚያ ሙሉቀንን "አንድም ቀን ሳያቋርጡ ነው የወሰዱት?" አለው።

"ወስጃለሁ" አለ ሙሉቀን። እኔን አላየኝም።

"አልወሰደም" አልኩ።

የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። አልጮኽኩም። "ሃያ አንዱ ቤት ነው ያለው" አልኩ።

የሙሉቀን አንገት ሲቀላ አየሁ። ዶክተሩ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ለምን?" አለው፤ ቀስ ብሎ። ሙሉቀን እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ሸማኔ ነው" አልኩ።

"ሸማኔ ነዎት?" ዶክተሩ ካርዱን ገለጠ። "እዚህ 'የግል ሥራ' ነው የሚለው።" ስንት ጊዜ ተመላለስን... ማንም አልጠየቀም፣ እኛም አልተናገርን። ዶክተሩ መዳፉን ይዞ ብዙ ቆየ። መጠኑን መቀነስ ይቻላል አለ። ሁለት ሳምንት ወስዶ አንድ ሳምንት ማረፍ ይቻላል። የሚቀባ ነገርም አለ። "ይሄን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው..." ብሎ ተወው።

ከመጀመሪያው።

እኔስ? አምስት ቀን ሙሉ እያወቅኩ። ከዚያም በሰው ፊት።

ታኅሣሥ 17

አያናግረኝም። "እናትሽን ጨው አቀብዪኝ በያት" ይላታል ልዩን። ጨው የሚለው እኔ አጠገብ ተቀምጦ ነው።

በአዲሱ መጠን ጀምሯል። ልዩ ፊት ነው የሚውጠው። አፉን ከፍቶ ያሳያታል፤ ለእኔ መሆኑ ነው። ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች።

ታኅሣሥ 29

ገና። ለልዩ ስል ዶሮ ሠራሁ፤ ለሱ ያለ በርበሬ ለብቻው። እትዬ ደሳለች ሁለታችንንም አይተው "ይሄ ቤት ምን ገብቶበታል?" አሉ። በሉ፣ መረቁን፣ ሄዱ።

ጥር 2

ተናገረ። ከሰዓት ነው፣ ልዩ ወደ ዊንጌት ለጥናት ወጥታለች። ልብስ ሳጥፍ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"እንደ ሌባ አስያዝሽኝ።"

"ልትሞት ነበር እኮ።"

"መሞቱንማ መቼ አጣሁት? እስከዚያ ምን እየሠራሁ ልቆይ? አልጋ ላይ ተቀምጬ ልጠብቀው? ...አንድ የተሟላ ሥራ ልሠራ ፈልጌ ነው፣ የሺ። እጄ እጄ ሆኖ።"

"ለምን ለኔ አልነገርከኝም?"

"ፊትሽን አይተሽዋል? እንደ ግድግዳ ሆኗል። ከመስከረም ጀምሮ። ለግድግዳ ምን ይነገራል?"

እሱ ሄደ። እኔ ያጠፍኩትን ልብስ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት።

ልክ ነው። ያንን ነው እዚህ መጻፍ የፈለግኩት። ልክ ነው ያለው።

ጥር 14

መዳፉ ትንሽ ቀላ፤ አልቆሰለም። ማታ ማታ ቅባቱን የምቀባለት እኔ ነኝ። አላስቆመኝም። ግራውን ስጨርስ ራሱ ቀኙን ይሰጠኛል። ወሬ የለም... እጁ ብቻ።

የካቲት 21

በቀን ሁለት ሰዓት ይሠራል። ከዚያ በላይ እግሩ እምቢ ይላል። ጋቢ ትቶ ነጠላ ነው የያዘው፤ ይቀላል። ሽፋሽፍቱም ነጥቷል፣ ፊቱም ወደ ቢጫ ሄዷል። ሠፈር ውስጥ ሰው ሲያየው ድምፁን ይቀንሳል። እሱ "ፈረንጅ ሆንኩላችሁ" እያለ ያልፋቸዋል።

ሚያዝያ 7

ፎቶ ተነሥቶ ነበር፤ ዛሬ ውጤት። አላደገም። ሁለቱ ነጠብጣቦች እንዲያውም አንሰዋል። ዶክተር ኢታና ከኛ በላይ ደስ አለው፤ ተነሥቶ የሙሉቀንን ትከሻ ያዘ። "አልጠፋም፤ ግን ቆሟል። እንዲቆም ነው የምንፈልገው" አለ። ከዚያ ያው ጥያቄ መጣ፤ "አቋርጠዋል?"

አፌን ዘጋሁ። ሙሉቀን ጉሮሮውን ጠረገ። "መጋቢት ውስጥ ሁለት ቀን ዘልያለሁ። ሆዴን አስቸግሮኝ ነው። እ... ማለቴ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሥራ ልጨርስ ብዬ። ሦስት ቀን በለው።" ዶክተሩ ጻፈ። "ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለ።

ታክሲ ውስጥ ሙሉቀን እጄን ያዘ። ሰው እያየ! መዳፉ ሻካራ ነው፣ ሙቅ ነው። እኔ ደግሞ ተቀምጬ እየጠበቅኩ... አሁን ደስታው ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ። ቤታችን ደረስን።

ሚያዝያ 8

ዛሬ ነገርኩት።

እሱ ሽመናው ላይ፣ እኔ አጠገቡ ማግ ሳጠነጥን። "ሙሌ፣ ምንም አይሰማኝም" አልኩ።

"ምኑ?"

"ምኑም። ትናንት ደስ አላለኝም። መስከረም ላይ አላዘንኩም። ስትቆስል አይቼህ ሽንኩርት ከተፍኩ። ኪኒኑን አግኝቼ ክር ሸጥኩ። እንደ ሰው አይደለሁም። የጠላሁህ እንዳይመስልህ ብዬ... አላውቅም ምን እንደሆንኩ።"

መወርወሪያውን አስቀመጠ። ይከፋዋል ብዬ ነበር። ከጉድጓዱ ወጣ፣ እግሩን እየቆጠበ፣ መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ለዶክተሩ ለምን አልነገርሽውም?"

"በሽተኛው አንተ ነህ።"

"በሚቀጥለው ትነግሪዋለሽ።"

"እሱ የኩላሊት ሐኪም ነው፣ ምን ያደርግልኛል?"

"ወደሚመለከተው ይልክሻል። ካልነገርሽው እኔ እናገርብሻለሁ።" ትከሻዬን በትከሻው ገፋኝ። "ተናግረሽብኝ የለም? ተራዬ ነው።"

ሳቅ አመለጠኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ትንሽ ነገር፣ ወዲያው ጠፋ። እሱ ግን ሰምቶታል፤ ዞር ብሎ አየኝ። ተነሥቶ የቀጠሮ ካርዱን ከኪሱ አወጣ። ሰኔ 3 ይላል፣ ከላይ የሱ ስም አለ። ከልዩ ደብተር ላይ እርሳስ አንሥቶ፣ ጣቶቹ እያመሙት፣ ከሥሩ የኔን ጻፈበት።