ወለሉ ገና አልደረቀም

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የአዳማ ሙቀት ለጉልበትሽ ተስማማው? እህቴና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። እዚህ የሆነውን በስልክ ያልነገርኩሽ ጀምሬ እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ነው።

በበጋ የእርዳታ ድርጅት ሰፈራችን መጥቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ታዴዎስ የሚባለው አሠልጣኝ ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ ዳገቱን እንዴት እንደሸረሸረው አሳየን። በክረምት መሬቱ ቢናድ ማን ማንን ይዞ በየት በኩል እንደሚወጣ አብረን ተነጋገርን፤ ደጋግመንም ተለማመድን። ለባለሱቋ ለሀናን ድምፅ ማጉያ ተሰጣት። የሰፈራችን ልጆች ኤጀታና ሸረፈዲን በሽተኛ በወንበር መሸከም ተማሩ። መሰብሰቢያ ሲፈለግ አለት ላይ የተሠራው የእኛ ግቢ ተመረጠ። ልደቱ ተነሥቶ የእናቴ ቤት የሁላችሁም ነው አለ፤ ተጨበጨበለት። ወንድሜ ነው ብዬ ኮራሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላባራ አለ። ሀናን ዳገቱ ላይ ስንጥቅ አይታ በድምፅ ማጉያው ተጣራች። ሁሉም እንደተለማመደው ወጣ። ኤጀታና ሸረፈዲን አልጋ ላይ የዋሉትን እትዬ የማርያምወርቅን አንሥተው በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አመጧቸው። እኔ ከሥራ ስደርስ ሰው ሁሉ በራችን ላይ ቆሞ ዝናብ ይወርድበታል። ቁልፌን ሞከርኩ፤ ከውስጥ ተሸጉሯል። የሳሎኑ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንቺን ቢሰማ ይከፍታል ብዬ እዚያው ሆኜ ደወልኩልሽ፤ መስመርሽ ተይዟል። ብዙ ካንኳኳን በኋላ ልደቱ ከቤት ወጣና የግቢውን በር ሳይከፍት፣

"ሴራሚክ አስነጥፌ ወለሉ ገና አልደረቀም። ሌላ ቦታ ውሰጃቸው" አለኝ።

እትዬ የማርያምወርቅ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ሀናን ጊዜ አላጠፋችም። ድርጅቱ ሁለተኛ መጠለያ ካልመረጣችሁ ብሎ ወጥሮ ይዞን ስለነበር አስቀድመን ወደመረጥነው ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መራችን። ኤጀታን ጭቃው አዳልጦት ክንዱ ተሰበረ፤ ወንበሩን ግን አልለቀቀም። አዳራሹ ሳንደርስ ከኋላችን መሬቱ ሲናድ ሰማን። የእትዬ የማርያምወርቅ ቤት ዛሬ የለም። ሰው ግን አልሞተም። ፈጣሪን፣ ከእሱም ቀጥሎ በበጋ ያማረርንባቸውን እነዚያን ልምምዶች አመሰግናለሁ።

በማግስቱ ድርጅቱ ብርድ ልብስና ምግብ ይዞ ደረሰ። ልደቱም ቤት ከፈረሰባቸው ጋር ተሰልፎ ብርድ ልብስ ወሰደ። ቤት ስገባ መኪናውን አልብሶበታል። እማዬ፣ ከአንድ ማዕድ አብሬው መብላቴን ሳስብ ተጸየፍኩ። ልብሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ይህን የምጽፍልሽ ወሰን ሰፈር፣ የሀናን እህት ቤት ሆኜ ነው።

ትናንት አዳራሹ ውስጥ ታዴዎስና ጎረቤቶቹ በሩን ለምን እንደዘጋ ልደቱን ጠየቁት። አላፈረም።

"እናቴን ደውዬ ጠይቄያለሁ። አታስገባ ያለችኝ እሷ ናት" አለ።

እትዬ የማርያምወርቅ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

"እሷማ አታደርገውም። ልጆቿን ያዋለድኳት እኔ ነኝ" አሉ።

እኔም ውሸቱን ነው አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

መልስ ስትጽፊልኝ ሌላ ሌላውን ሁሉ ጻፊልኝ። ሐሙስ ስደውል መስመርሽ ከማን ጋር ተይዞ እንደነበር ግን ምንም አትጻፊልኝ።

ዕድሜና ጤና አይንፈግሽ፤ ያረፍሽበትን ቤት ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ታናሿ ልጅሽ